ፕላኔት ኧርዝ (የቴሌቪዥን ተከታታይ)

ፕላኔት ኧርዝ (ትርጉሙ «ፕላኔት ምድር» ማለት ነው) የብሪታንያው ቢቢሲ ያዘጋጀው፣ 11 ክፍሎች ያሉት የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም ነው። የመጀመሪያው ክፍል በቢቢሲ ዋን ጣቢያ የተላለፈው የካቲት 26 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2006) ነበር። ተራኪው ሰር ዴቪድ አተንቦሮ፣ ዋና አዘጋጁ አላስተር ፎዘርጊል፣ የሙዚቃው ደራሲ ደግሞ ጆርጅ ፌንተን ናቸው። ቢቢሲ በከፍተኛ የምስል ጥራት (በኤችዲ) ያስቀረጸው የመጀመሪያው የተፈጥሮ ተከታታይ ሲሆን፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ድርጅቱ ካሠራቸው የተፈጥሮ ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛ ወጪ የወጣበትም ነበር።

ተከታታዩ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከዚያ በፊት ማንም በካሜራ ያልያዘውን ወይም በዓይን ሊከታተለው የማይችለውን የዱር ሕይወት ማሳየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ያላሳየው ነገር ያስነሳው ክርክር ነው፤ ሰው፣ ማሳና መንገድ ከምስሉ ውጭ ሲቀሩ ተመልካቹ ዱሩ ደህና ነው ብሎ ያምናል ወይ የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም። ኢትዮጵያ በዚህ ተከታታይና በቀጣዩ «ፕላኔት ኧርዝ 2» ውስጥ በኤርታ አሌ፣ በስሜን ተራሮችና በሐረር በኩል ስለምትታይ፣ ጥያቄውን በቅርብ ለማየት ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ፊልሙን የሠራው የቢቢሲ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል በ1957 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የተቋቋመ ነው። ክፍሉ በ1979 ያቀረበው «ላይፍ ኦን ኧርዝ» 13 ክፍሎች ነበሩት፤ አተንቦሮ በሩዋንዳ ተራራ ላይ ከጎሪላዎች መካከል ተቀምጠው የታዩበት ትዕይንትም ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። በዚያ ፊልም ተራኪው በቦታው ተገኝቶ እየጠቆመ የሚያስረዳ አስተማሪ ነበር። በ2001 በቀረበው የባሕር ፊልም «ዘ ብሉ ፕላኔት» ግን አተንቦሮ ከምስሉ ወጥተው ድምፃቸው ብቻ ቀረ። የዚያም ፊልም አዘጋጅ ፎዘርጊል ነበር። ባሕሩ ላይ የተሳካውን አሠራር በመላው ምድር ላይ ለመሞከር የታሰበው ሥራ ነው ፕላኔት ኧርዝ የሆነው።

ሥራው አምስት ዓመት ፈጅቷል። 40 ያህል የካሜራ ባለሙያዎች ወደ 200 በሚጠጉ ቦታዎች ከ2000 በላይ የመስክ ቀናት አሳልፈዋል። ወጪው 16 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ የአሜሪካው ዲስከቨሪ ቻናልና የጃፓኑ ኤንኤችኬም ተካፍለውበታል።

ኤችዲ መመረጡ በጊዜው ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ በ2006 ብዙው ተመልካች ቤቱ ያለው መደበኛ ቴሌቪዥን ነውና። የአውሮፓ መደበኛ ምስል 720 በ576 ፒክስል፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ነበር። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ሲሆን 2,073,600 ነጥብ ይሆናል፤ ልክ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ለዜና አንባቢ ፊት ልዩነቱ ያን ያህል አያሳስብም። ከሰማይ ለሚታይ የእንስሳት መንጋ ግን ወሳኝ ነው፤ በሺህ ከሚቆጠሩ ካሪቡዎች (በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ የአጋዘን ዓይነቶች ናቸው) መካከል የሚሮጥ አንድ ተኩላ በአሮጌው ምስል ጥቂት ግራጫ ነጥቦች ብቻ ይሆናል። ፎዘርጊልና ባልደረቦቹ ከሩቅና ከላይ የሚቀረጹ ትዕይንቶችን የፊልሙ ምሰሶ ለማድረግ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዓይነቱ ምስል ሌላ ችግር አለው። ቪዲዮ ለሥርጭት ሲጨመቅ፣ ኮዱ የሚቆጥበው ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን የምስሉን ክፍል ደግሞ ባለመላክ ነው። የሚወርድ በረዶ፣ ሞገድ፣ የወፍ መንጋና በነፋስ የሚወዛወዝ ሣር ላይ ያልተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በደካማ ኢንተርኔት ወይም በተጣበበ የሳተላይት መስመር የሚታይ የተፈጥሮ ፊልም፣ ልክ እጅግ ውብ በሚሆንበት ቅጽበት ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል።

ክፍሎቹ

የመጀመሪያው ክፍል «ከዋልታ እስከ ዋልታ» ፀሐይና ውኃ የምድርን ሕይወት እንዴት እንደሚመሩ በጥቅሉ ያሳያል። ቀሪዎቹ አሥሩ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ሥፍራ ይይዛሉ፤ ተራሮች፣ ጣፋጭ ውኃ፣ ዋሻዎች፣ በረሃዎች፣ የበረዶ ዓለማት፣ ታላላቅ ሜዳዎች፣ ጥቅጥቅ ደኖች፣ ጥልቀት የሌላቸው ባሕሮች፣ ወቅት የሚፈራረቅባቸው ደኖችና ጥልቁ ውቅያኖስ ናቸው። አምስቱ ከማርች እስከ ኤፕሪል 2006፣ ስድስቱ ደግሞ ከኖቬምበር 5 እስከ ዲሴምበር 10 ተላልፈዋል።

በብሪታንያ ሥርጭት እያንዳንዱ ክፍል 50 ደቂቃ ያህል ፊልምና 10 ደቂቃ «የፕላኔት ኧርዝ ማስታወሻ» ነበረው። ማስታወሻው ከትዕይንቶቹ አንዱ እንዴት እንደተቀረጸ የሚናገር ነው። ይህ ቅጥያ ከታሰበው በላይ ጠቃሚ ሆኗል፤ ተመልካቹ ያየው ምስል በሰው እጅ እንደተሠራ የሚያስታውሰው የፊልሙ ክፍል እርሱ ብቻ ነውና።

አቀራረጽ

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የፊልሙን መልክ የወሰነው «ሄሊጊምባል» የሚባለው ነው። ካሜራው ኳስ በመሰለ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ከሄሊኮፕተሩ ውጭ ይንጠለጠላል፤ በውስጡ ያሉት ጋይሮስኮፖች የሄሊኮፕተሩን ንዝረት ያጠፉለታል። ባለሙያው ውስጥ ተቀምጦ ስክሪን እያየ በእጅ መሪ ያዞረዋል። ቀድሞ ሄሊኮፕተር ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ዝቅ ብሎ መብረር ነበረበት፤ ድምፁም እንስሳቱን ይበትናል። በሄሊጊምባል ግን ረጅም ሌንስ ገጥሞ ከሩቅ መቅረጽ ስለሚቻል እንስሳቱ እንደልባቸው ይቀጥላሉ። በቦትስዋና ኦካቫንጎ የአፍሪካ የዱር ውሾች ኢምፓላ ሲያድኑ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ከሰማይ የታየው በዚህ ዘዴ ነው። ከምድር ሲታይ ውሾቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ሯጮች ናቸው። ከላይ ሲታይ ግን ማን እንደሚያባርር፣ ማን ዞሮ እንደሚጠብቅ ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው መሣሪያ ጊዜን የሚዘረጋው ካሜራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ታላቁ ነጭ ሻርክ አቆስጣ የተባለውን የባሕር አጥቢ እንስሳ ለመያዝ ከውኃ ዘልሎ ሲወጣ ሁሉም ነገር የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 1000 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ያንን ሰከንድ በ25 ፍሬም ሲያጫውተው 40 ሰከንድ ይሆናል። ግን ሻርኩ መቼ እንደሚዘል ማንም አያውቅም፤ ዝላዩን አይቶ ቁልፍ ለሚጫን ሰውም ጊዜው አልፏል። መፍትሔው ከኮምፒውተር ሳይንስ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ካሜራ ያለማቋረጥ ወደ ማኅደረ ትውስታው ይጽፋል፣ ሲሞላም አሮጌውን በአዲሱ ይተካል። ባለሙያው ዝላዩን ካየ በኋላ ሲጫን ካሜራው ያለፉትን ሰከንዶች ይዞ ያስቀምጣል። በሌላ አነጋገር፣ የሚቀረጸው ካለፈ በኋላ ነው።

በጥቅጥቅ ደኖች ክፍል ደግሞ ተቃራኒው ተደርጓል። ኮርዲሴፕስ የተባለው ፈንገስ ከሞተ ጉንዳን ራስ ላይ ሲበቅል የሚታየው ቀናት የወሰደ እድገት ወደ ሰከንዶች ተጨምቆ ነው።

በቦትስዋና ሳቩቲ የሚገኝ ትልቅ የአንበሳ መንጋ በሌሊት ዝሆን ሲያጠቃ የተቀረጸው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን አንበሳም ሰውም አያየውም፤ ካሜራው ብቻ ያያል። የካሜራ ቡድኑ ስለዚህ በድቅድቅ ጨለማ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን የሚንቀሳቀሱትን አንበሶች በስክሪን ብቻ እየተከታተለ ሠርቷል።

መሣሪያ ብቻውን ግን ብዙ አልፈየደም። አብዛኛው ሥራ መጠበቅ ነበር። በኒው ሜክሲኮ ያለውን የሌቹጊያ ዋሻ ለመቅረጽ ፈቃድ ማግኘት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅቷል፤ የዋሻው ክሪስታሎች በሰው ትንፋሽና ጫማ ስለሚበላሹ ለሕዝብ ዝግ ነውና። በኒው ጊኒ ደን የገነት ወፎችን ጭፈራ ለመያዝ የካሜራ ባለሙያው በቅጠል መደበቂያ ውስጥ ሳምንታት ተቀምጧል። ከሁሉም በላይ የተነገረለት የበረዶ ነብሩ ነው። በፓኪስታን ተራሮች ቡድኑ ደጋግሞ ተመላልሶ፣ ነብሩ ማርኮር የተባለውን የተራራ ፍየል በገደል ሲያሳድድ ቀርጿል። እንዲህ ያለ አደን ከዚያ በፊት በፊልም አልተያዘም ነበር። ፍየሉ አመለጠ። አዘጋጆቹ ያልተሳካውን አደን እንዳለ ማሳየታቸው ለፊልሙ ክብር ጨምሮለታል፤ የአዳኝ እንስሳት አብዛኛው ሙከራ በእርግጥም አይሳካምና።

ድምፅ፣ ቅንብርና እውነት

ተመልካች ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር ድምፁ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ርቀት በረጅም ሌንስ የሚቀረጽ እንስሳ የእግሩ ኮቴ በማይክሮፎን አይያዝም፤ ከሄሊኮፕተር ሲቀረጽ ደግሞ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያሉ ፊልሞች የብዙው እንቅስቃሴ ድምፅ በኋላ በስቱዲዮ ይሠራል። በከረጢት የተሞላ የበቆሎ ስታርች ሲጨመቅ የሚሰጠው ድምፅ በበረዶ ላይ የሚራመድ እግር ይመስላል፤ በፊልም ሥራ የታወቀ ብልሃት ነው። የወፍ ዝማሬና የእንስሳት ጩኸት በአብዛኛው እውነተኛ ቅጂ ቢሆንም በሌላ ቀን የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ድምፅ የሌለው ምስል ተመልካች አይቀበልም፤ ይህ ማታለል ነው ወይስ አስፈላጊ ሥራ የሚለው በሙያው ውስጥም የሚያከራክር ነው።

የምስል ቅንብሩም እንዲሁ። በ«ፕላኔት ኧርዝ 2» ውስጥ በጋላፓጎስ ፈርናንዲና ደሴት ከእንቁላል ገና የወጣ ኢጓና ከእባቦች መንጋ ሲያመልጥ የሚታይበት ትዕይንት በ2016 በኢንተርኔት እጅግ ተዛምቷል። የክፍሉ አዘጋጅ ኤልዛቤት ዋይት በሚቀጥለው ዓመት እንዳስረዱት፣ ትዕይንቱ በሁለት ካሜራ ተቀርጾ የተቀናበረ ሲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታየው ኢጓና ሁልጊዜ ያው አንዱ አይደለም። እያንዳንዱ ሩጫ እውነት ነው። አንድ ጀግና ያለው አንድ ታሪክ ያደረገው ግን አቀናባሪው ነው።

ከዚህ የባሰ ቅሬታ የቀረበው በዚሁ ክፍል በተሠራው በ«ፍሮዝን ፕላኔት» (2011) ላይ ነው። የዋልታ ድብ ግልገሎች በጉድጓድ ውስጥ የታዩበት ትዕይንት የተቀረጸው በዱር ሳይሆን በእንስሳት ማቆያ ነበር። ቢቢሲ ይህን በድረ ገጹ ገልጾት ነበር፤ በፊልሙ ትረካ ላይ ግን አልተነገረም። በዱር ያለች እናት ድብን በጉድጓዷ ውስጥ መቅረጽ ለግልገሎቹም ለሰውም አደገኛ ስለሆነ ምርጫው የሚገባ ነው። ቅሬታው የተነሳው ተመልካቹ ሳይነገረው በመቅረቱ ነው።

በቅንብርና በውሸት መካከል ያለው ድንበር የት እንደሆነ ለማሳየት አዘውትሮ የሚጠቀሰው የዋልት ዲዝኒ «ዋይት ዊልደርነስ» (1958) ነው። ሌሚንግ የሚባሉ ትናንሽ አይጥ መሰል እንስሳት ራሳቸውን ከገደል ወደ ባሕር ሲወረውሩ ያሳያል። ፊልሙ በምርጥ ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወስዷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የካናዳ ቴሌቪዥን ባደረገው ምርመራ ግን ትዕይንቱ የተቀረጸው ሌሚንግ በተፈጥሮ በማይኖርበት በአልበርታ ግዛት እንደሆነ፣ እንስሳቱም ከሌላ ቦታ ተገዝተው መጥተው በሰው ተገፍተው እንደወደቁ ታወቀ። ሌሚንጎች በጅምላ ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚለው እምነት ከፊልሙ በፊትም የነበረ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው «በዓይኔ አይቻለሁ» እንዲል ያደረገው ይህ ፊልም ነው።

ኢትዮጵያ በተከታታዩ ውስጥ

«ተራሮች» የተባለው ሁለተኛው ክፍል (መጋቢት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.) የሚጀምረው ከተራራ ጫፍ ሳይሆን ከዝቅተኛ ቦታ፣ ከደናክል ነው። ካሜራው የኤርታ አሌን የቀለጠ ዐለት ሐይቅ ያሳያል። ኤርታ አሌ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ሲሆን ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው። አዘጋጆቹ ከዚያ የጀመሩት ተራራ እንዴት እንደሚወለድ ለማሳየት ነው፤ ምድር የምትሰነጠቅበት የስምጥ ሸለቆ ጫፍ እዚያ ይገኛልና።

ቀጥሎ ፊልሙ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደል አፋፍ ላይ ተሰብስበው ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር የሆነ ብቸኛው ዝንጀሮ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ሌጣ ቆዳ መለያው ነው። ዋልያዎችም በዚያው ገደል ይታያሉ። ሁለቱንም እንስሳት ለሳይንስ የገለጻቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ሲሆን፣ የሁለቱም ሳይንሳዊ ስም የአገሬውን መጠሪያ ይዞ ቀርቷል።

የትዕይንቱ ካሜራ የሚከተለው እንስሳቱንና ገደሉን ነው። የሚያየው ሰው ስሜንን ሰው ያልደረሰበት የሰማይ ደሴት አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እውነታው ሌላ ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በ1996 ደግሞ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ምክንያቱ የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው እርሻና ግጦሽ፣ እንዲሁም ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው መንገድ ነበር። ፊልሙ ሲቀረጽም ሲተላለፍም ፓርኩ በዚያው መዝገብ ላይ ነበረ፤ የወጣው በ2017 ነው።

በመካከሉ ብዙ ነገር ተደርጓል። ግጦሹ እንዲቀንስ፣ መንገዱ ተለዋጭ እንዲያገኝ ተሠርቷል፤ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ አካባቢ ሰፍረዋል። ግጭ ገብስ የሚዘራበት፣ ሰዎች ከጭላዳና ከዋልያ ጋር ጎን ለጎን ለትውልዶች የኖሩበት ቦታ ነበር። እንስሳቱ የዳኑበት መንገድ ለነዋሪዎቹ ከአባቶቻቸው መሬት መነሣት ነበርና፣ የስሜን ታሪክ ያለ ሰው ሊነገር አይችልም። በሃምሳ ደቂቃ ዓለምን የሚዞር ፊልም ይህን ሁሉ ይናገር ማለት ይከብዳል። ሆኖም አንዲት ዓረፍተ ነገር ቦታ አታጣም ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው የሐረር ትዕይንት በተለየ መንገድ ተሠርቷል። «ከተሞች» የተባለው የ«ፕላኔት ኧርዝ 2» የመጨረሻ ክፍል (ታኅሣሥ 2 ቀን 2009 ዓ.ም.) ጅቦች በሌሊት ወደ ሐረር ከተማ ሲገቡ ያሳያል። ሁለት የጅብ መንጋዎች በአሮጌው የከተማ በር አጠገብ ይጣላሉ፤ ያሸነፈው በጠባቡ የጀጎል መንገድ ገብቶ ሥጋ ሻጮች የጣሉትን አጥንት ይበላል። ከዚያም ሰው በእጁ ለጅብ ሥጋ ሲሰጥ ይታያል። የሐረር ሰዎች ጅቡ ክፉ መንፈስን ያባርርልናል ብለው እንደሚያምኑ ትረካው ይገልጻል። በብዙ ዓለም ታሪክ ጅብ የሚፈራና የሚናቅ እንስሳ ስለሆነ፣ ትዕይንቱ ለውጭ ተመልካች እንግዳ ነበር፤ ለሐረር ሰው ግን የዘወትር ምሽት ነው።

ስሜን ላይ ሰው ከፍሬሙ ውጭ ነበረ። ሐረር ላይ ግን ያለ ሰው ትዕይንቱ አይኖርም ነበር።

ትችት

ተከታታዩ ስለ አካባቢ ጥበቃ ፈጽሞ አልተናገረም ማለት ስሕተት ነው። በወቅታዊ ደኖች ክፍል የአሙር ነብር ከግልገሏ ጋር የታየችው ዝርያው ለመጥፋት እንደተቃረበ እየተነገረ ነው። በበረዶ ዓለማት ክፍል ደግሞ የተራበ የዋልታ ድብ ዋልረስ ለመያዝ ሞክሮ ሳይሳካለት ተዳክሞ ይተኛል፤ ሙዚቃው እንኳ አያጽናናም። ሰፊው ውይይት ግን «ፕላኔት ኧርዝ፦ ዘ ፊውቸር» ለተባለ ሌላ ባለ ሦስት ክፍል ፊልም ተተወ። እርሱም የተላለፈው ጥቂት ሰው በሚያየው ቢቢሲ ፎር ነበር። ውበቱ ለብዙኃን፣ አደጋው ለጥቂቶች ተከፋፈለ ማለት ይቻላል።

ይህን ክፍፍል በይፋ ከነቀፉት አንዱ የቢቢሲ የራሱ የተፈጥሮ ፕሮግራም አቅራቢ የነበሩት ማርቲን ሂውዝ ጌምስ ናቸው። በጃንዋሪ 2017 በጋዜጣ ባወጡት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ያልተነካ ዓለም ያለ አስመስለው ተመልካቹን ስለሚያረጋጉ ለዱር እንስሳት ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የተቃራኒው ወገን መልስ፣ ሰው ያላወቀውንና ያልወደደውን ነገር ለማዳን አይነሳም የሚል ነው፤ በምሽት ለመዝናናት ቴሌቪዥን የከፈተ ቤተሰብ ስብከት ከመጣበት ጣቢያ ይቀይራል።

ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ ለመለካት ተሞክሯል። በአየርላንድ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ከ«ፕላኔት ኧርዝ 2» ሥርጭት ጋር የተያያዙ የትዊተር መልእክቶችንና የዊኪፔዲያ ገጾችን ጉብኝት መርምረው ነበር። በፊልሙ የታዩ እንስሳት ገጾች ጎብኚ ጨምሯል፤ ሰው ያየውን እንስሳ ስም ፈልጎ አንብቧል ማለት ነው። ለጥበቃ ድርጅቶች የሚሰጥ እርዳታ እንደጨመረ ግን ጥናቱ ማስረጃ አላገኘም። የማወቅ ጉጉት መቀስቀሱና ለተግባር መነሣሣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቀራጮች በሚያዩት ነገር ጣልቃ ይገባሉ ወይ የሚለውም ተነሥቷል። በ«ከተሞች» ክፍል በባርቤዶስ ከእንቁላል የወጡ የባሕር ኤሊዎች የጨረቃ ብርሃን በባሕር ላይ የመሰላቸውን የከተማ መብራት ተከትለው ወደ መንገድ ሲሄዱ ይታያሉ። ብዙ ተመልካች ተቆጣ፤ «ካሜራ ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» የሚል ጥያቄ ጎረፈ። ቢቢሲ የሰጠው መልስ ቡድኑ ያያቸውንና የቀረጻቸውን ኤሊዎች ሁሉ ሰብስቦ ወደ ባሕር እንደመለሰ ነው። የሙያው የቆየ ደንብ አለመነካካት ነው፤ አዳኝ ሲራብ ታዳኙን አታድንም። እዚህ ግን ኤሊዎቹን ያሳሳተው ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው መብራት ስለነበር ደንቡ አልተፈጸመም፤ በዚህ ላይ የተከራከረም ብዙ የለም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊልሞች አካሄዳቸውን ለውጠዋል። «ብሉ ፕላኔት 2» (2017) በባሕር ላይ ስላለው የፕላስቲክ ቆሻሻ በግልጽ ተናገረ። ፎዘርጊል ከቢቢሲ ወጥቶ ከዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ድርጅት (ደብሊውደብሊውኤፍ) ጋር ለኔትፍሊክስ በሠራው «አወር ፕላኔት» (2019) አደጋው በየክፍሉ ይነገራል፤ ተራኪው አሁንም አተንቦሮ ናቸው። በዚያ ፊልም ዋልረሶች ከገደል ሲወድቁ የታዩበት ትዕይንት ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መያያዙ ደግሞ የራሱን ክርክር አስነሥቷል።

ሥርጭትና ሽልማት

በአሜሪካ ከማርች 25 ቀን 2007 ጀምሮ በዲስከቨሪ ቻናል የቀረበው ቅጂ ተራኪዋ ተዋናይት ሲጎርኒ ዊቨር ናት፤ የአተንቦሮን ድምፅ የለመዱ ተመልካቾች ለውጡን አልወደዱትም። ተከታታዩ በ2007 አራት የኤሚ ሽልማቶችን ሲያገኝ የፒቦዲ ሽልማትም ተሰጥቶታል። ከተቀረጸው ምስል ተውጣጥቶ በ2007 «ኧርዝ» የተባለ የሲኒማ ፊልም ተሠርቷል፤ ይህም በኤፕሪል 22 ቀን 2009 በዲዝኒኔቸር ስም አሜሪካ ውስጥ ታይቷል።

«ፕላኔት ኧርዝ 2» ስድስት ክፍሎች ኖረውት ከኖቬምበር 6 ቀን 2016 ጀምሮ ተላለፈ። የተቀረጸው በ4ኬ ሲሆን፣ ከዋና ሙዚቃ ደራሲዎቹ አንዱ ሃንስ ዚመር ነው። ሦስተኛው፣ «ፕላኔት ኧርዝ 3»፣ በኦክቶበር 2023 ተጀምሮ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ አተንቦሮ ሲተርኩት 97 ዓመታቸው ነበር።